አንዱ ዶላር በስንት ብር፣ በማንስ ኪስ? የወጪ ንግድ ዕቅዶቻችን ከአርሲ ማሳ ሲታዩ

በበቆጂ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል፣ 2018 ዓ.ም.



ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንድ ተማሪዬ «በቆጂ ለዓለም የላከችው ሯጭ እንጂ ስንዴ አይደለም» ሲል ቀለደብኝ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ተከትለው የዚህችን ከተማ ስም ለዓለም ስላስተዋወቁ ቀልዱን መካድ አይቻለኝም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ስንዴውና ስለ ገብሱ ነው።

ወደ ርእሴ የመራኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ ስለ ውጭ ምንዛሪ ጥቅም ብዙ ከተናገርሁ በኋላ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው፣ ያ ሁሉ ዶላር በስንት ብር ተገዝቶ እንደሚመጣና ብሩንም የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሦስት አስርተ ዓመታት ያህል ኢኮኖሚክስ ያስተማርሁ ሰው ሆኜ ሳለ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋቸውም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

የማነሣው ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። በአንድ ሸቀጥ ላይ የተንጠለጠለ ኢኮኖሚ ያላቸው አገሮች፣ ነዳጅ ላኪዎቹም ሆኑ እንደ እኛ ቡና ላኪ የሆኑት፣ ሌሎች የወጪ ንግድ ምርቶችን ለማሳደግ በተደጋጋሚ ያቅዳሉ። ዕቅዶቹ የሚለኩት ብዙ ጊዜ በጠቅላላ የዶላር ገቢ ነው። ይህ መለኪያ አይበቃም ብዬ እከራከራለሁ። አንድ ዶላር ለማግኘት አገሪቱ ምን ያህል እንዳወጣችና ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ የማይጠይቅ ዕቅድ፣ ቁጥሩ ቢሳካለት እንኳ ዓላማውን ሊስት ይችላል። በንግግሬ ውስጥ የአገራችንን ጉዳይ ስጠቅስ በራሳችን፣ የሌሎችን ስጠቅስ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር እንደምጠቀም ከወዲሁ ላስታውስ።

1. የአንድ ዝርያ ማሳ

በአንድ ሸቀጥ ላይ መንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ ለአርሲ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በማሳው አይቶታልና። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ለዓመታት ማሳውን ሞልቶት ነበር። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ክፉኛ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመውና የዚሁ የአካባቢያችንን ስም ወደያዘው ወደ ድገሉ ዞረ። መዞሩ ብልህነት ነበር። ነገር ግን ድገሉም በተራው ከማሳ ማሳ ተዳርሶ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሣና ድገሉን አጠቃው። የወንድሜ ማሳ ኮምባይነር ሊገባበት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከሩቅ ሲያዩት ያማረ፣ ዛላውን በመዳፍ ሲያሹት ግን ፍሬ የሌለው ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አንድን ነገር ሁሉም የሚዘራው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ከሁሉ የተሻለው እርሱ ስለሆነ ነው። ቡናንም የሙጥኝ ያልነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ መፍትሔው የመጣው በትእዛዝ አይደለም። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ጎረቤታችን ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ከሌሎች ጋር ተባብሮ እንደ ኪንግበርድና ዋኔ ያሉ ዝርያዎችን አወጣ፤ ዘሩ ተባዛ፤ ገበሬው አይቶና አመዛዝኖ መረጠ። ምርምር፣ አቅርቦትና ምርጫ የሚሉትን ሦስቱን ቃላት ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

2. ነዳጅ ያላቸው አገሮች ምን አደረጉ?

ነዳጅ የሌለን ሰዎች ነዳጅ ያላቸውን አገሮች የምናየው በቅናት ነው። የእነርሱ ባለሙያዎች ግን ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ሲጨነቁ የኖሩት «ነዳጁ ሲያልቅ ወይም ዋጋው ሲወድቅ ምን እንሸጣለን?» እያሉ ነው። ሦስት አገሮችን እንመልከት።

ናይጄሪያ በነጻነቷ ዘመን ኮኮዋ፣ ኦቾሎኒና የዘንባባ ዘይት ለዓለም ትሸጥ ነበር። በካኖ ከተማ የኦቾሎኒ ጆንያ እንደ ፒራሚድ ተከምሮ ይታይ ነበር። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ መናር በኋላ ግን የነዳጅ ድርሻ ከወጪ ንግዷ ከዘጠና በመቶ በላይ ደረሰ፤ የኦቾሎኒው ክምርም ከአደባባዩ ጠፋ። ኦቾሎኒው የጠፋው መሬቱ ስለመከነ አልነበረም። የነዳጁ ዶላር ሲጎርፍ የአገሪቱ ገንዘብ ከሚገባው በላይ ውድ ሆነ፤ ገበሬው ሸጦ የሚያገኘው ኒያራ ከወጪው አነሰ፤ ልጁም ማሳውን ትቶ ወደ ከተማ ሄደ። ኢኮኖሚስቶች ይህን «የደች በሽታ» ይሉታል፤ ስያሜው የመጣው ሆላንድ በ1959 በግሮኒንገን የተፈጥሮ ጋዝ ካገኘች በኋላ ኢንዱስትሪዎቿ ከደረሰባቸው ችግር ነው። ከዚያ ወዲህ ናይጄሪያ ነዳጅ-ነክ ያልሆነ ወጪ ንግድን ለማሳደግ ያላወጣችው ዕቅድ፣ ያላቋቋመችው ምክር ቤት የለም ማለት ይቻላል። ዕቅዱ ተጽፎ የገንዘቡ ዋጋ ሳይስተካከል ሲቀር ግን ገበሬው የሚሰማው ዕቅዱን ሳይሆን ዋጋውን ነው።

ኢንዶኔዥያ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከወጪ ንግዷ አራት አምስተኛ ያህሉ ነዳጅና ጋዝ ነበር። ይሁን እንጂ ከነዳጁ ገንዘብ የተወሰነውን ለማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ለመስኖና ለሩዝ ገበሬ አዋለችው። በ1978፣ በ1983ና በ1986 ደግሞ የገንዘቧን ምንዛሪ ዝቅ አድርጋ፣ ለሌሎች አምራቾች ወደ ውጭ መሸጥ አዋጪ እንዲሆን መንገድ ከፈተች። አስርተ ዓመቱ ሲያበቃ የነዳጅና የጋዝ ድርሻ በግማሽ ያህል ቀንሶ፣ ልብስ፣ ጫማና የእንጨት ውጤቶች ቦታውን ይዘው ነበር።

ሦስተኛዋ ሳዑዲ ዓረቢያ ናት፤ የእርሷ ታሪክ ስንዴን የሚመለከት ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። የሳዑዲ መንግሥት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ዋጋ ከ200 ዶላር በታች በነበረበት ጊዜ ለገበሬዎቹ በቶን ወደ 1,000 ዶላር ይከፍል ነበር። በረሃው አረንጓዴ ሆነ፤ በ1992 ምርቱ 4 ሚሊዮን ቶን ደረሰ፤ አገሪቱም ከዓለም ዋና ዋና ስንዴ ላኪዎች ተርታ ገባች። በሰንጠረዥ ላይ ብቻ ብናየው ነዳጅ-ነክ ያልሆነ ወጪ ንግድ አስደናቂ ድል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ200 ዶላር የሚሸጥ ነገር በ1,000 ዶላር ይመረት ነበር፤ ከዚያም በላይ ለሺህ ዓመታት ከመሬት በታች የተጠራቀመና የማይተካ ውሃ በስንዴ መልክ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። በ2008 መንግሥቱ ግዥውን ደረጃ በደረጃ ለማቆም ወሰነ፤ በ2016ም አበቃ። ዕቅዱ ግቡን መትቷል፤ ነገር ግን አንዱ ዶላር የተገኘው ብዙ ዶላር ፈስሶበት ነበር።

3. የእኛ ነዳጅ ቡና ነው

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1950 ዓ.ም. ስትጀምር ከወጪ ንግድ ገቢዋ ከግማሽ በላዩን የምታገኘው ከቡና ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ እያንዳንዱ መንግሥት፣ የንጉሠ ነገሥቱም፣ የደርጉም፣ የኢሕአዴጉም፣ የአሁኑም፣ በዕቅዱ ውስጥ ወጪ ንግድን ማብዛትና ማሰባጠር የሚል ምዕራፍ አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ክረምት ፈርሶ ኮታው ሲቀር፣ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። አንድ ምሶሶ ብቻ ያለው ቤት ምሶሶው ሲነቃነቅ መላው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል።

የቅርቡን እናንሣ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የዘለቀው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት በዘመኑ ማብቂያ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲያስገቡ አልሞ ነበር፤ የተገኘው ከዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስኳርም ከራሳችን ተርፎ ወደ ውጭ ይላካል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ እኛ ግን ስኳር ከውጭ መግዛታችንን ቀጠልን። በጠቅላላው የወጪ ንግዳችን በ2004 ዓ.ም. 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ፣ በ2007ም እዚያው አካባቢ ቆሞ ነበር። ለዚህ የኃይል መቆራረጥ፣ የጉምሩክ መጓተትና የጥሬ ዕቃ ጥራት መጓደል ምክንያት ሆነው ተጠቅሰዋል፤ ሁሉም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ከበስተጀርባቸው አንድ ሌላ ነገር ነበር። ነዳጅ ባይኖረንም የእርዳታ፣ የብድርና የሐዋላ ዶላር ይገባ ነበር፤ የብር ዋጋም በባንክ ተመን ከሚገባው በላይ ውድ ሆኖ ተይዞ ቆየ። በሌላ አነጋገር ያለ ነዳጅ የነዳጅ ላኪዎች በሽታ ያዘን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ58 ብር አይበልጥም ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም መጨመሩን ቀጠለ። በ2017 የበጀት ዓመት የሸቀጥ ወጪ ንግዳችን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በቀደመው ዓመት ከ4 ቢሊዮን በታች ነበር። ከዚህ ውስጥ ቡና ከ2.6 ቢሊዮን፣ ወርቅ ደግሞ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል።

ይህን ቁጥር ስናነብ ደስታም ጥንቃቄም ሊሰማን ይገባል። ደስታው፣ ዋጋ ሲስተካከል ምን ሊሆን እንደሚችል አየን። አብዛኛው ወርቅ ትናንት ከጉድጓድ የወጣ አዲስ ሀብት አይደለም፤ ቀድሞ በድንበር በኩል በኮንትሮባንድ ሲወጣ የኖረና ባንኩ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ሲጀምር ወደ ሕጋዊው መንገድ የተመለሰ ነው። ለብዙ ዓመታት በቁጥጥርና በቅጣት ያልተገኘውን የዋጋ ማስተካከያ በአንድ ዓመት አመጣው። ጥንቃቄው ደግሞ ይህ ነው፤ የቡና ድርሻ ቀንሷል ብለን ስንናገር፣ የቀነሰው ብዙ ነገር መሸጥ ስለጀመርን ሳይሆን ሌላ ጥሬ ሀብት አጠገቡ ስለቆመ ነው። ቡናና ወርቅ አንድ ላይ ከጠቅላላው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ናቸው። ሁለቱም በዓለም ገበያ ዋጋቸው እጅግ በናረበት ዓመት መሸጣቸውንም አንርሳ። ከኩብሳ ወደ ድገሉ መዞርን ማሳን እንደ ማሰባጠር መቁጠር የለብንም።

4. የ2015ቱ የስንዴ ሒሳብ

አሁን ወደ ራሳችን ማሳ ልግባ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሯ በይፋ ተበሰረ። ለአርሲና ለባሌ ገበሬ ታላቅ ዜና ሊሆን ይገባው ነበር። በዚያው ሰሞን የመግዣ ዋጋው በኩንታል 3,200 ብር ተተመነ፤ በአንዳንድ አካባቢዎች ስንዴ ወደ አዲስ አበባ እንዳይጫን ኬላ ተጣለ፤ ገበሬዎች ከገበያው ዋጋ በታች እንድንሸጥ ተደርገናል ሲሉ ያሰሙት አቤቱታም በዜና ማሰራጫዎች ተዘግቧል። ምን ያህል ኩንታል ወደብ ደረሰ የሚለው የዛሬ ክርክሬ አይደለም። ሒሳቡን ብቻ አብረን እንሥራ፤ ተማሪዎች፣ እስክሪብቶ አውጡ።

በኩንታል 3,200 ብር ማለት በቶን 32,000 ብር ነው። በዚያን ጊዜ የባንኩ ተመን ለአንድ ዶላር 54 ብር ገደማ ነበር። 32,000ን ለ54 ስናካፍል 590 ዶላር አካባቢ እናገኛለን። የዓለም ገበያ ዋጋ ደግሞ በቶን ከ400 ዶላር በታች ነበር። 400 ዶላር እንኳ ተገኘ ብንል፣ በባንክ ሲመነዘር 21,600 ብር ነው። እንግዲህ በ32,000 ብር የተገዛ አንድ ቶን ስንዴ 21,600 ብር ያስገኛል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ኩንታል ከ1,000 ብር በላይ ኪሳራ። ይህም የመኪና ጭነቱ፣ የጆንያውና የወደብ ክፍያው ሳይቆጠር ነው። ከበቆጂ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ያም ቀላል ወጪ አይደለም።

ታዲያ ነገሩ ትርጉም የሚሰጠው መቼ ነው? በትይዩው ገበያ አንድ ዶላር ወደ 100 ብር በተጠጋበት ተመን ብናሰላው፣ ያው 32,000 ብር 320 ዶላር ይሆናል። ይህ ከዓለም ዋጋ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ በስንዴው የሚከስር ላኪ በዶላሩ ሊያተርፍ ይችላል። ባገኘው ዶላር ከውጭ ዕቃ አስገብቶ በትይዩው ገበያ ተመን ልክ ከሸጠው ኪሳራው ይካካሳል። ይህ በስንዴ አልተጀመረም፤ በቡናና በቅባት እህል ንግድ ለዓመታት ሲታይ የኖረ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ወጪ ንግድ የሸቀጥ ንግድ መሆኑ ይቀርና ዶላር የማግኛ ትኬት ይሆናል።

አሁን የእኒያን አባት ጥያቄ እናንሣ። ኪሳራውን የሚከፍለው ማን ነው? ከሦስቱ አንዱ መሆን አለበት፤ ልዩነቱን የሚሸፍን የመንግሥት ካዝና፣ ከውጭ የገባውን ዕቃ በውድ የሚገዛ ሸማች፣ ወይም ስንዴውን ከገበያው በታች እንዲሸጥ የተደረገ ገበሬ። የሳዑዲ መንግሥት ከነዳጅ ካዝናው ከፍሎ ነበር። እኛ እንዲህ ያለ ካዝና የለንም። ካዝና የሌለው አገር በትእዛዝ ወጪ ንግድ ሲያካሂድ ልዩነቱ ተንከባሎ የሚያርፈው አቅም ባጣው ላይ ነው።

5. ኮታና ኬላ አዲስ አይደሉም

ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ታሪካችን ስለሚያስታውሰን ነው። የአርሲ ምድር ለዕቅድ እንግዳ አይደለችም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም «ካዱ» የምንለው፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተሻሻሉ የወተት ላሞች በአንድ ጥቅል ለገበሬው ቀረቡ፤ ምርትም አደገ። የመሬቱ ሥሪት ግን አልተለወጠም ነበርና እርሻው አትራፊ ሲሆን ባለርስቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን ማፈናቀል ጀመረ። በኩንታል የሚለካው ዕቅድ ሠምሮ ሳለ ሊጠቀሙበት ከታሰቡት ገበሬዎች ብዙዎቹ ከመሬታቸው ተነቀሉ። የካዱ ሰዎች ራሳቸው ይህን አይተው መዝግበውታል።

ከአብዮቱ በኋላ መሬት ለአራሹ ሆነ። ይሁንና በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ እህል የሚሰበስብበት የኮታ ሥርዓት ተከተለ። ትርፍ አምራች የሆነው አርሲ ከሁሉ በላይ ተጫነው። ነጋዴው በኬላ ታገደ፤ ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበትም ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ በ1982 ዓ.ም. ሲሻር ገበሬው እፎይ አለ። እንግዲህ ከሠላሳ ሦስት ዓመታት በኋላ ኬላው ተመልሶ ሲመጣ፣ ዓላማው ከተማን መመገብ ሳይሆን ዶላር ማምጣት ቢሆንም፣ ገበሬው የሚያውቀው ያንኑ ኬላ ነው። ገበሬ ረጅም ትዝታ አለው፤ በቀጣዩ መኸር ምን ያህል እንደሚዘራ የሚወስነውም በዚያ ትዝታ ነው።

6. የቢራ ገብስና የአበባ ትምህርት

ያልተሳካውን ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ ፍትሐዊ አልሆንም። እዚሁ በዓይናችን ሥር ሁለት የተሻሉ ምሳሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቢራ ገብስ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ደጋ ገብስ ሲገዛ ኖሯል። የቢራ ፋብሪካዎች በፍጥነት ሲበዙ ግን የአገር ውስጥ ብቅል አልበቃ ብሎ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከአውሮፓ ይገባ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገር የገቡ የውጭ ቢራ ኩባንያዎች ብቅሉን ከውጭ ከማምጣት ገብሱን እዚህ ማምረት እንደሚያዋጣቸው አሰሉ። ከቆየው ሆልከር ጎን ትራቬለርና ግሬስ የተባሉ ዝርያዎች መጡ፤ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ውል ተገባ፤ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ቀረበ፤ ለጥራት ጭማሪ ዋጋ ተከፈለ። በ2013 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ለሚና በደብረ ብርሃን ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ሥራ ጀመሩ፤ ከውጭ የሚገባው ብቅልም በእጅጉ ቀነሰ።

ይህ ወጪ ንግድ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። በሒሳብ ግን ያልወጣ ዶላር ከገባ ዶላር አያንስም፤ ወደብ ለሌላት አገር እንዲያውም ይሻላል። ለምን ብትሉ፣ መንገዱን አስቡት። ከበቆጂ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ እህል ከዓለም ዋጋ ላይ የማጓጓዣው ወጪ ይቀነስበታል። ከጅቡቲ ወደዚህ የሚወጣ እህል ደግሞ በዓለም ዋጋ ላይ የማጓጓዣው ወጪ ይታከልበታል። ያው 900 ኪሎ ሜትር ስንልክ ሸክም፣ ስንተካ ጋሻ ይሆነናል። ስለዚህ የደጋው አርሲ እህል ከሩቅ ገበያ በፊት ከውጭ የሚገባውን ስንዴና ብቅል ቢተካ፣ ገበሬው የተሻለ ዋጋ እያገኘ አገሪቱ ያንኑ ዶላር ታተርፋለች። በሚተካው ጀምሮ፣ ጥራቱና ብዛቱ ሲዳብር ወደ ጎረቤት አገሮች በፓስታ፣ በዱቄትና በብቅል መልክ መላክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አበባ ነው። ከዚህ ተራራ ወርዶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የሄደ ሰው በፕላስቲክ የተሸፈነውን ሰፊ እርሻ ያየዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቁጥር የማይገባ የነበረው የአበባ ወጪ ንግድ በ2002 ዓ.ም. ከ150 ሚሊዮን ዶላር አልፎ አገራችንን ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛ አደረጋት። መንግሥት መሬት በተመጣጣኝ ኪራይ ሰጠ፤ የልማት ባንክ አበደረ፤ የአየር መንገዱ ጭነት አውሮፕላን ተመቻቸ። ወሳኙ ነገር ግን የመንግሥት ኃላፊዎች ከአምራቾቹ ጋር እየተገናኙ የትኛው ችግር እንደሚቀድም መስማታቸው ነበር። እዚህ ላይም የውሃውን ሒሳብ እንዳንረሳ አሳስባለሁ፤ የሳዑዲ በረሃ ያስተማረው ትምህርት ለዝዋይ ሐይቅም ይሠራል።

በማሳ ምሳሌዬ ላይ ያልኋችሁን ሦስት ቃላት አስታውሱ፤ ምርምር፣ አቅርቦትና ምርጫ። ገብሱም አበባውም ሦስቱን ይዘዋል። የ2015ቱ ስንዴ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነበሩት፤ የቁሉምሳ ዝርያዎች ነበሩ፤ የበጋ መስኖው ጥረትም የሚመሰገን ነው። የጎደለው ሦስተኛው ነበር፤ ገበሬው ለማን፣ መቼ፣ በስንት እንደሚሸጥ የመምረጥ መብቱ።

7. ማጠቃለያ፤ ለማንኛውም ዕቅድ ሦስት ጥያቄዎች

ተቃራኒውን ሐሳብም ልመዝን። የምንዛሪ ለውጡ ለላኪ መልካም ቢሆንም ገበሬያችን የሚጠቀምበት ዩሪያና ሌላው ማዳበሪያ በዶላር የሚገዛ ነው። ብር ሲረክስ የስንዴው ዋጋ እንደሚጨምር ሁሉ የማዳበሪያው፣ የናፍጣውና የኮምባይነሩ ኪራይም ይጨምራል። የከተማው ድኻም ዳቦውን በውድ ይገዛል። ስለዚህ «ዋጋውን ልቀቁት፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ቀላል መልስ የለኝም። ኢንዶኔዥያ ምንዛሪዋን ስታስተካክል የማዳበሪያ ፋብሪካዋን ቀድማ እንደሠራች፣ ገበሬዋንም እንዳልተወች አይተናል። ዋጋ ማስተካከልና ገበሬን መደገፍ አንዱ ሌላውን የሚተካ ሳይሆን አብረው የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው። ለከተማው ድኻ የሚደረገው ድጋፍም በቀጥታ ከመንግሥት በጀት መውጣት አለበት እንጂ ከገበሬው ማዳ ላይ በኬላ መወሰድ የለበትም።

እንግዲህ ወጪ ንግድን ለማሳደግ የሚወጣ ማንኛውም ዕቅድ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ ዘንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አንድ ዶላር ለማግኘት ስንት ብር ይወጣል? ይህ ቁጥር ለስንዴም፣ ለሥጋም፣ ለልብስም፣ ለወርቅም ተሰልቶ በዕቅዱ ሰንጠረዥ ከዶላሩ ግብ ጎን ይጻፍ። ከምንዛሪው ተመን በእጅጉ የበለጠ ከሆነ ያን ሸቀጥ መላክ ሀብት ማባከን ነው።

ሁለተኛ፣ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ካዝናው ከሆነ በበጀት ይታይ፤ ገበሬው ከሆነ ግን ስሙ ግብር ነውና እንደ ግብር በሕግ ይወሰን እንጂ በኬላ አይሰብሰብ።

ሦስተኛ፣ የምንሸጠው ነገር ዓይነቱ በዝቷል ወይስ የአንዱ ዋጋ ብቻ ንሯል? ጠቅላላው ገቢ በእጥፍ ቢያድግም ምሶሶዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ቤቱ ገና አልጸናም።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእናንተ የምተወው የቤት ሥራ አለ። የምርምር ርእስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። የበቆጂን፣ የአሰላንና የአዲስ አበባውን እህል በረንዳ የስንዴና የገብስ ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቡ፤ የማጓጓዣውን ወጪ ጠይቁ፤ ገበሬው ለአንድ ኩንታል ያወጣውን ከራሱ አንደበት ስሙ። እነዚህ ቁጥሮች በዓመታት ተጠራቅመው ሲገኙ የሚቀጥለውን ዕቅድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ እኔ በዚያ ስብሰባ እንደሆንሁት ያለ መልስ አይቀርም።

እኒያ አባት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካሉ፣ ዘግይቶም ቢሆን መልሴ ይህ ነው፤ ዶላሩ የተገዛው ከሚያወጣው በላይ በሆነ ብር ነበር፤ ከብሩም አንዱን ክፍል የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛ እንዳይደገም ማስላትና መናገር ደግሞ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።